የፎቶ ፕሪንተር ለቤት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፤ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ግን አብዛኛው የወላጆቻችን ዘመን ነው። ስልክ በተሰረቀ ወይም በተሰበረ ቁጥር የአንድ ልጅ ሁለትና ሦስት ዓመት አብሮ ይጠፋል። ይህን ያዘጋጀሁት ፎቶዎቻችን ከስልክ ወጥተው ወረቀት ላይ እንዲያርፉ ከልቤ ስለምፈልግ ነው። ስለ ፕሪንተር የሚጻፈው ምክር በአብዛኛው አየሩ ቀዝቃዛ፣ መብራቱም የማይቆራረጥ አገር ላለ ሰው ነው። እዚህ ያለው ለድሬና ለሐረር ቤት የታሰበ ነው።

ፕሪንተር መግዛት ያዋጣኛል? ወይስ ፎቶ ቤት ማሳተም ይሻለኛል?

ወሳኙ በየስንት ጊዜው እንደምታትሙ ነው። ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ሥራ ሲፈታ ይበላሻል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የምታትሙት ነገር ካለ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ሥራም ይሁን የሱቅ ዕቃ ፎቶ፣ ግዙ። ለኢድ፣ ለገናና ለሠርግ ሰሞን ብቻ ትዝ የሚላችሁ ከሆነ ግን የመረጣችኋቸውን ፎቶዎች በፍላሽ ይዛችሁ ፎቶ ቤት ሂዱ። እዚያ ያለው ማሽን ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ቀለሙ አይደርቅም።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብር አልጠራም፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የወረቀት ፓኩን ዋጋ ውስጡ ባለው ፍሬ አካፍሉ። የቀለሙን ዋጋ ደግሞ አምራቹ «ይህን ያህል ያትማል» ባለው ቁጥር አካፍሉ። ሁለቱን ደምራችሁ ከፎቶ ቤቱ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል805 አብሮት በሚመጣው 6 ጠርሙስ ቀለም 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ እስከ 1,800 እንደሚያትም አምራቹ ይናገራል። ፕሪንተሩ ራሱን ሲያጸዳ የሚያፈሰው ቀለም ስላለ በተግባር ከዚያ ቀንሳችሁ ያዙ።

ምን ምን ዓይነት አለ?

ለቤት የሚሆኑት ሦስት ናቸው።

አንደኛው ኢንክጄት ነው፤ ቀለም በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች ወረቀት ላይ ይረጫል። ድሮ ሁሉም በካርትሬጅ ነበር፤ አሁን ግን ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላባቸው ባለ ታንክ ፕሪንተሮች አሉ፤ የኤፕሰን ኤል ተከታታይና የካኖን ጂ ተከታታይ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ቀለማቸው በጣም ይረክሳል። ከጉርድ ፎቶ እስከ ኤ4 ያትማሉ፤ ሰነድም ይሠራሉ። ድካማቸው የቀለሙ መድረቅ ነው።

ሁለተኛው በሙቀት የሚያትመው ነው፤ የታወቀው ካኖን ሴልፊ ነው። ፈሳሽ ቀለም የለውም። ቢጫ፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና ሳያን (ውሃ ሰማያዊ) የተቀቡበት ስስ ሪባን አለው፤ ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ገብቶ ይወጣና በአራተኛው ላይ መከላከያ ሽፋን ይለበሳል። ለዚህ ነው ፎቶው እንደወጣ ደረቅ የሆነው፤ ጣት ቢነካው ወይም ጠብታ ውሃ ቢያርፍበት አይለቅም። ስድስት ወር ሳይነካ ቢቀመጥ የሚደርቅ ነገር የለውም። መጠኑ ግን ከ10 በ15 ገደማ አይበልጥም፤ ኤ4 አይታሰብም። ወረቀቱና ሪባኑ አብረው በፓክ ይሸጣሉ፤ የ108ቱ ፓክ እያንዳንዱ 36 ፎቶ የሚያትም 3 ሪባን አለው። የአንዱ ፎቶ ዋጋ እዚያው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

ሦስተኛው ኪስ ውስጥ የሚገባው ዚንክ የተባለው ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስላለ ሙቀት ሲነካው ይወጣል። ለልጆች ደብተርና ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ለግድግዳና ለዘመናት ማስታወሻ አልመክረውም።

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ ደጋግሞ ለሚያትም ቤተሰብ ባለ ታንክ፣ አልፎ አልፎ ለሚያትም ሴልፊን የመሰለ።

ባለ 4 ቀለም ይበቃል ወይስ ባለ 6 ልፈልግ?

ልዩነቱ የሚታየው ፊት ላይ ነው። ባለ 4 ቀለሙ ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ አለው፤ የቆዳን ለስላሳ ጥላ ለማውጣት ነጠብጣቡን ማራራቅ ስላለበት ጉንጭና ግንባር ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይታያል። ባለ 6ቱ ፈዛዛ ሳያንና ፈዛዛ ማጀንታ ስለሚጨምር ያ ይጠፋል። ዋና ሥራችሁ የሰው ፎቶ ከሆነ ባለ 6ቱን ፈልጉ። ሰነድ በዝቶ ፎቶ አልፎ አልፎ ከሆነ ባለ 4ቱ በጥሩ ወረቀት ላይ አያሳፍርም።

ቢሮ ያለው ሌዘር ፕሪንተር ፎቶ አያትምልኝም?

ለሰነድ ተዉት። የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት ደግሞ ሌዘር ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ቶነሩን የሚያቀልጠው ክፍል ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ የወረቀቱ ሽፋን ቀልጦ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል።

ታይዋን ገበያ ላይ ደህና ዋጋ አገኘሁ። ምን ላጣራ?

ከሁሉ በፊት ቀለሙንና ወረቀቱን ፈልጉ። ሻጩ «ቀለሙ አይጠፋም» ቢልም ጠርሙሱን ወይም ፓኩን በዓይናችሁ እዩ። ከቀፊራ እስከ ከዚራ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሸዋ በር አካባቢ ቢያንስ ሁለት ሱቅ ውስጥ ካላገኛችሁት ፕሪንተሩ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። አዲስ አበባ ያለ ሰው እየላከልኝ እጠቀማለሁ ማለት ለጊዜው ይሠራል፤ ሠርግ ደርሶ ማጀንታው ሲያልቅ ግን ያስቸግራል።

ቀጥሎ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም። «100» ወይም «120» ብቻ የሚል ከሆነ ለጃፓን ወይም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ስትሰኩት ይቃጠላል።

ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የኤችፒ ፕሪንተሮች ካርትሬጃቸው በአካባቢ የተከፋፈለ ስለሆነ አውሮፓ የተገዛው እዚህ የተገዛውን ካርትሬጅ ላይቀበል ይችላል። ሞዴላቸው በእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል የሚያበቃው ደግሞ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው የኩባንያውን ቀለም ብቻ እንዲጠቀሙ ተደርገው የተሠሩ አሉ። ዘመድ «ፕሪንተር ላምጣልህ ወይ» ብሎ ሲደውል ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ያገለገለ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ የኖዝል ቼክ (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች መሥራታቸውን በመስመሮች የሚያሳይ የፕሪንተሩ መፈተሻ ገጽ) አሳትሙ። መስመሮቹ ሳይቆራረጡ ሁሉም መታየት አለባቸው። «ቀለም ስላለቀ ነው፣ ሲሞላ ይስተካከላል» የሚለውን አትቀበሉ።

የድሬ ሙቀት ፕሪንተሩን ይጎዳዋል?

አዎ፤ ከተጠነቀቁለት ግን ብዙ ያገለግላል። ብዙዎቹ ኢንክጄቶች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውስጥ ነው። ድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35ን ይነካል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ያልፈዋል። ስለዚህ ሥራውን ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ አድርጉት። ከቀትር በኋላ እኛም የምናርፍበት ሰዓት ስለሆነ ማሽኑም ይረፍ። ሴልፊም ቢሆን በተከታታይ ሲያትም ሙቀት ከበዛበት ራሱ ቆም ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትንቀሉት።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ከመስኮት፣ ከበረንዳና ከቀጥታ ፀሐይ ይራቅ። ቬንትሌተር ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ነፋሱ ቀለሙን ከማድረቁም ሌላ አቧራ ያመጣበታል። የድሬ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለው፤ ወረቀት ላይ ያረፈች አንዲት ቅንጣት ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ሥራ ሲያበቃ ወረቀቱን ከማስገቢያው አውጥታችሁ ወደ ፓኩ መልሱ፣ መክደኛውን ዝጉ፣ ንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ አልብሱት። ሴልፊ ሲያትም ወረቀቱ በኋላ በኩል ስለሚወጣና ስለሚመለስ ከጀርባው ቦታ ተዉለት፤ ግድግዳውንም ጥረጉ።

ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ ያን ያህል አያሳስብም። ጀጎል ውስጥ ባሉት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤቶች ውስጥ አየሩ ቀኑን ሙሉ የተረጋጋ ነው፤ ለፕሪንተር የተመቸ ቦታ ነው። በክረምት ግን ግድግዳው እርጥበት ሊይዝ ስለሚችል ወረቀቱን ግድግዳ ከነካ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ።

ሳልጠቀምበት እንዳይደርቅ ምን ላድርግ?

በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ነገር አትሙ፤ ተራ ወረቀት ላይ የኖዝል ቼክ ይበቃል። የዓርብን ወይም የእሑድን ጠዋት ብትመድቡለት አይረሳም። ክረምቱን ወደ ዘመድ ስትሄዱ ቤት ለሚጠብቀው ሰው ይህን አሳዩት።

መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ችግር ያመጣል?

ኢንክጄት በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ቀለም የሚረጨውን ሄድ ወደ ጥግ ወስዶ በላስቲክ ክዳን ላይ ያሳርፈዋል። ይህ ክዳን ነው ከመድረቅ የሚጠብቀው። መብራት በመሃል ሲሄድ፣ ወይም እናንተው ዲቫይደሩን ስታጠፉት፣ ሄዱ መንገድ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በድሬ ሙቀት አንድ ሌሊት እንዲህ ካደረ ጠዋት መስመር መስመር ማተም ይጀምራል። ስለዚህ መብራቱ እንደተመለሰ አብሩት፣ ተረጋግቶ እስኪቆም ጠብቁት፣ ከዚያ በራሱ ቁልፍ አጥፉት። ዲቫይደሩን የምታጠፉት ፕሪንተሩ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

መብራቱ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ይኑራችሁ። ኢንክጄት የሚፈጀው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይበቃዋል። ሴልፊ ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ አለው፤ መብራት በሌለበት ምሽትም ይሠራል።

ቀለም እያለው መስመር መስመር ያትማል።

የኖዝል ቼክ አትሙ። የተቆራረጠ ካለ የሄድ ጽዳቱን ከሜኑው እዘዙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ ካልተስተካከለ ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ አጥፍታችሁ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ሞክሩ። የደረቀው ቀለም በእርጥበቱ እየላላ ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፈታል። እያንዳንዱ ጽዳት ቀለም አፍስሶ ታች ያለው ስፖንጅ ላይ ያጠራቅማል፤ ስፖንጁ ሲሞላ ፕሪንተሩ ራሱን ይቆልፋል፤ ያኔ ቴክኒሺያን ጋ መሄድ ግድ ይሆናል።

የትኛውን ወረቀት ልግዛ?

ፓኩ ላይ «ኢንክጄት ፎቶ» የሚል ይሁን፤ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ ይሁን። ከዚያ በታች ያለው ሲያዝ ይተጣጠፋል፣ ጥቁር ሲበዛበትም ይጨማደዳል። የሚያብለጨልጨው ግሎሲ ቀለሙን ያደምቃል፤ ደማቅ ሽቲና የሐረር ሰፌዶች ፎቶ ላይ በጣም ያምራል። ግን የጣት አሻራ ይይዛል፤ መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀልም ብርሃን እየመለሰ አያሳይም። ለግድግዳ ማት (የማያብለጨልጨው) ወይም ከፊል የሚያብለጨልጨው የተሻለ ነው። የሚታተመው አንዱ ፊት ብቻ ነው፤ ጠርዙን በእርጥብ ጣት ስትነኩት ጣበቅ የሚለው የተቀባው ፊት ነው።

ወረቀቱን ከገዛችሁ በኋላ ፕሪንተሩ ሜኑ ላይ ዓይነቱን በትክክል ምረጡ። «ተራ ወረቀት» ላይ እንደተተወ ግሎሲ ብታስገቡ ፕሪንተሩ የሚረጨው የቀለም መጠን ይሳሳታል፤ ፎቶው ይገረጣል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ወይም ቀለሙን የሚያማው በዚህች ምርጫ ምክንያት ነው።

ስልኬ ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ለምን ይጠቁራል?

ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፤ ወረቀት የለውም። ድሬ ፀሐይ ላይ ደግሞ የስልካችንን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍተን ነው የምንኖረው። ከማተማችሁ በፊት ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርዱት፤ ፎቶው ያኔ ከጠቆረ ወረቀትም ላይ ይጠቁራል። ጥላውን ትንሽ አንሱ፤ ግን አታብዙት፤ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በለበሱ ሰዎች ፎቶ ላይ ብርሃን ሲበዛ ጥበቡ ጠፍቶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። «ማስዋቢያ» የሚባሉትን ማጣሪያዎች አጥፉ። የእናታችሁ ፊት ራሱ ይታተም፤ የልጅ ልጆቻችሁ ማየት የሚፈልጉት እሱን ነው።

ከቴሌግራም የወረደው ፎቶ ለምን ይደበዝዛል?

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያህል ይፈልጋል። 1,280ው 10 በ15 ላይ ሲታተም 217 ገደማ ስለሚደርስ ያስኬዳል፤ ኤ4 ላይ ግን ወደ 109 ወርዶ ይደበዝዛል። 12 ሜጋፒክስል የሆነው ዋናው ፎቶ ኤ4ን በቀላሉ ይሞላል። ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት።

10 በ15 ሳትም የሰው ጭንቅላት ይቆርጣል።

የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፤ 10 በ15 ወረቀት 3 ለ2 ነው። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ቁመቱ 11.25 ስለሚሆን 1.25 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይቀራል። ያለ ነጭ ጠርዝ ስታትሙ ደግሞ በዙሪያው ተጨማሪ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ስታነሱ ከራስ በላይ ቦታ ተዉ፤ ወይም 13 በ18 ወረቀት ተጠቀሙ፤ ለስልክ ፎቶ በጣም ይቀርባል።

ጉርድ ፎቶ ቤት ማተም ይቻላል?

ይቻላል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ 8 ፍሬ ከመቁረጫ ክፍተቱ ጋር ይደረደራል። «ወረቀቱን ሙላ» የሚለውን አጥፍታችሁ በ100 ፐርሰንት አትሙ፤ አለዚያ ልኩ ይዛባል። ከቀን ብርሃን አጠገብ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አንሱ፤ ጥላ አይኖርበትም።

የታተመው ፎቶ ስንት ዓመት ይቆያል?

ቀለሙ፣ ወረቀቱና የምታስቀምጡበት ቦታ አንድ ላይ ይወስኑታል። በሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚያው ሐረር ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን በደብዳቤው ገልጿል። ዛሬ ጀጎል ውስጥ በስሙ በሚጠራው ቤት የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ለእይታ ተቀምጠዋል፤ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። የእኛ ዘመን ኅትመት ጠላቱ ሌላ ነው፦ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አስገቡት፣ መስታወቱ ግን ፎቶውን እንዳይነካ በዙሪያው ካርቶን ይኑረው፤ ከነካው በጊዜ ብዛት ይጣበቃል። የኢንክጄት ፎቶ ከታተመ በኋላ ፍሬም ወይም አልበም ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ይደር። ካኖን ስለ ሴልፊ ፎቶ አልበም ውስጥ እስከ 100 ዓመት ይቆያል ይላል፤ ክፍት ግድግዳ ላይ ግን ያን ያህል አትጠብቁ።

ኦሪጅናል ያልሆነ ርካሽ ቀለም ብሞላስ?

ለሰነድ ይሁን። ለፎቶ ግን ራሳችሁ ፈትኑት፦ አንድ ፎቶ በሁለት ቅጂ አትማችሁ አንዱን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ ክተቱ። ከወር በኋላ ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። የድሬ ፀሐይ መልሱን ትሰጣችኋለች። ሁለት ዓይነት ቀለም ግን አንድ ታንክ ውስጥ አትቀላቅሉ።

ባለ ታንኩን ከድሬ ወደ ሐረር መውሰድ እፈልጋለሁ።

ቀለም ተሞልቶ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ደንገጎን ሲወጡ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ መኪናው ያጋድላል። የታንኩን ክዳኖች አጥብቁ፤ ማጓጓዣ መቆለፊያ ካለው ቆልፉት፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር አስቀምጡት። የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። አዲስ ስትገዙ «ሞልተን እንፈትሽልህ» ቢሏችሁና ሩቅ የምትወስዱት ከሆነ፣ ቀለሙን እዚያው ቤት እንሞላዋለን በሉ።

የሴልፊውን ያለቀ ሪባን ምን ላድርገው?

ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ያተማችሁት ፎቶ ሁሉ እላዩ ላይ ይታያል። የቤተሰብ ወይም የሰው መታወቂያ ፎቶ ያለበትን ሪባን እንዲሁ ቆሻሻ ላይ አትጣሉ፤ ቆራርጡት።

የአያቴ የድሮ ፎቶ አለ። ማባዛት እችላለሁ?

ለኔ ፕሪንተር ቤት ውስጥ እንዲኖር ከሚያስፈልግባቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ድሬ ውስጥ ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ አባትና አያት ያልነበሩት ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የለገሃር ፎቶ፣ የዩኒፎርም ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ በየሣጥኑ አለ። ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ከወንድማማቾቹ ባንዱ እጅ።

ስካነር ያለው ሦስት በአንድ ፕሪንተር ካላችሁ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጉት። ያንን በ300 ስታትሙት ከዋናው እጥፍ ሆኖ ጥራቱን ሳይለቅ ይወጣል፤ 6 በ9 የነበረችው ትንሽ ፎቶ 12 በ18 ትሆናለች። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር ስካን አድርጉ፤ የቆየው ቡናማ መልኩ ይያዛል፤ ማንጻት ከፈለጋችሁ በኋላ ይደረሳል። መስታወቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፎቶውን ግን አትጥረጉ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሡ። ፎቶው የፍሬሙ መስታወት ላይ የተጣበቀ ከሆነ ለማላቀቅ አትታገሉ፤ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት።

ከኋላው የተጻፈ ካለ እሱንም ስካን አድርጉ። አዲሱን ቅጂ ስታትሙ በጀርባው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፤ የማታውቁትን ደግሞ ታላላቆቻችሁ በሕይወት እያሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አጎትና አክስት አንዳንድ ቅጂ ላኩ።